ሰኞ እቀይረዋለሁ ያልኩት ሽቦ

ለአበልጅ የሠሩበት አይጠየቅም። እኛ ሰፈር ይህን ሕግ የማያውቅ ቢኖር ገና ጥርስ ያላበቀለ ሕፃን ብቻ ነው። ልጇን ክርስትና ያነሳህላት ሴት መኪና አሠርታህ "ስንት ነው?" ብትልህ ስድብ ነው፤ አንተ አፍ አውጥተህ ዋጋ ብትጠራ ደግሞ ከስድብም ይብሳል። ስለዚህ የዙኒልዳን ሥራ በነፃ ሠራሁላት። በነፃ መሥራቴን ግን ሆዴ አልረሳውም ነበር፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው።

ራዳሜስ እባላለሁ። በባሕር ዳርቻ ከተማችን በባራኦና የመኪና ኤሌክትሪክ ስሠራ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ባለቤቴ ኔሬይዳ "አፍህ ከእጅህ ይፈጥናል" ስትለኝ፣ "እጄ የማያውቀውን አፌ አያወራም" እላት ነበር። አሁን እንደዚያ አልላትም።

ዙኒልዳ የሟቹ ጓደኛዬ የሊሳንድሮ ሚስት ናት። አንዲት ልጃቸውን፣ ዮካስታን፣ ክርስትና ያነሳኋት እኔ ነኝ። ሊሳንድሮ ታክሲ ነጂ ነበር፤ ሲሞት የተወላቸው አንዲት ሰማያዊ አሮጌ መኪና ብቻ ነች፤ እሷም አንዱ በሯ በገመድ ነው የሚታሰረው። ዙኒልዳ ቤቷ በር ላይ የፓፓያ ጁስ በወተት እየፈጨች ትሸጥ ነበር። መብራት የሚሉት ነገር ደግሞ እኛ ዘንድ እንደ ክፉ ዘመድ ነው፤ ሲያሻው ይመጣል፣ ሳይሰናበት ይሄዳል። ሰው አፉ ደርቆ ሲመጣ መፍጫው ዝም ይላል፤ ፓፓያው እዚያው ይበሰብሳል።

አንድ እሁድ፣ ጥቅምት ላይ ነው፣ ካርቶን ታቅፋ ጋራዤ በር ላይ ቆመች።

"አበልጄ፣ ይሄን ነገር ታውቀዋለህ?"

ከፍቼ አየሁት። ኢንቨርተር ነው፤ የመኪና ባትሪን ኃይል እንደ ቤት መብራት አድርጎ የሚሰጠው ሳጥን።

"እኔን ነው የምትጠይቂኝ? ቄሱን አባታችን ሆይ ይችላሉ ወይ ብለሽ ትጠይቂያለሽ?"

"ኧረ አትቆጣ! መኪናዋ ላይ ግጠምልኝ። ከእንግዲህ ቤዝቦል ሜዳው በር ላይ ቆሜ ነው የምሸጠው። መብራት መጣ፣ መብራት ሄደ እያልኩ ልሞት ነው እኮ። ዮካስታም ዘንድሮ የነርስ ትምህርቷን ትጨርሳለች። እዚህ ደርሳ ብታቋርጥ ሊሳንድሮ ከመቃብር ተነሥቶ ነው የሚገርፈኝ።"

"ዛሬ እሁድ ነው።"

"እሁድ ለአበልጅ አይሠራም የሚል ሕግ ወጣ?"

ምን ልበላት? ከመንገዱ ማዶ፣ ከዛፉ ሥር፣ የዶሚኖ ጓደኞቼ ተቀምጠዋል። ቼፎ፣ ጎረቤቴ፣ ያ ምላሱ የማያርፈው፣ "ራዳሜስ! ተበወዘ እኮ! ፈርተህ ነው የምትደበቀው?" እያለ ይጮሃል። እኔ ደግሞ ባለፈው እሁድ በእሱ ተሸንፌ ሳምንቱን ሙሉ ሲያሾፍብኝ ሰንብቷል። ልቤ እዚያ፣ እጄ እዚህ ሆነ።

ይህ ሳጥን ለስልክ ቻርጅ ቢሆን በሲጋራ መለኮሻው ቀዳዳ ሰክተኸው ትሄዳለህ። ጁስ መፍጫ ለማዞር ግን ቀጥታ ከባትሪው ወፍራም ገመድ ስቦ ማሰር ግድ ነው። ገመዱ ነበረኝ። ከባትሪው ስንዝር ያህል ራቅ ብሎ ገመዱ መሐል ላይ ፊውዝ ይገባል፤ ገመዱ አንድ ቦታ ተልጦ የመኪናውን ብረት ቢነካ ፊውዙ ቀድሞ ተቃጥሎ መኪናውን ያድናል። ፊውዝ ሌላ ሥራ የለውም፤ ለሌላው ሊቃጠል ነው የተሠራው። ገመዱ ከሞተሩ ወደ ውስጥ በሚያልፍበት ቀዳዳ ዙሪያ ደግሞ የጎማ ቀለበት ይደረጋል፣ ብረቱ ገመዱን እንዳይበላው። ይህን ሁሉ በእንቅልፍ ልቤ አውቀዋለሁ።

ትልቁ ፊውዝ መደርደሪያዬ ላይ ነበር። አንድ ብቻ፣ አዲስ፣ ከነማሸጊያው። ለሐኪሙ መኪና ብዬ ነው ያስቀመጥኩት፤ ሐኪሙ ይከፍላል። ፊውዙን አየሁት፣ ካርቶኗን ታቅፋ የቆመችውን ዙኒልዳን አየሁ፣ "በነፃ መሥራቴ ሳያንስ ዕቃም ከኪሴ?" የሚል ነገር በሆዴ አለፈ። ማንም አልሰማኝም፤ እኔ ግን ሰምቼዋለሁ።

ከአሮጌ ሽቦ አምስት ስድስት ክር መዳብ ቆረጥኩ፣ በፒንሳ ጠመዘዝኩ፣ በፊውዙ ማስቀመጫ ውስጥ በፊውዙ ቦታ አሰርኩት። እኛ ሰፈር ካሉት መኪኖች ግማሹ እንዲህ ነው የሚሄደው፤ አዲስ ነገር አይደለም። የጎማ ቀለበቱንም ትቼ ገመዱን በጥቁር ናስትሮ ሁለት ዙር ጠቀለልኩት። "ሰኞ እቀይረዋለሁ" አልኩ ለራሴ፣ ኮፈኑን ዘጋሁና ሄጄ ቼፎን በዶሚኖ አሸነፍኩት።

መፍጫው ሠራ። አቤት የዙኒልዳ ደስታ! እያጨበጨበች መኪናዋን ዞረቻት። የመጀመሪያውን ጁስ ለእኔ አቀረበች፣ ለዶሚኖው ጠረጴዛም በሙሉ አጠጣች። በሳምንቱ ደግሞ ቀለም ቀቢ ጠርታ በኋላ መስታወቱ ላይ በትልልቅ ቢጫ ፊደል አጻፈችበት፦ "የዮካስታ ጁስ — እግዚአብሔርና አበልጄ ይመስገኑ"።

"ከእግዚአብሔር ጎን ወንበር አገኘህ እኮ! ለእኛም ቦታ ያዝልን" አለኝ ቼፎ።

ሳቅሁ። ኩራቴም ገንፍሎ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ።

ሰኞ መጣ፣ ሄደ። ሌላ ሰኞ መጣ። ቅዳሜ ቅዳሜ ዮካስታ ከላይ በረዶ የተደረገበት ጁስ ይዛልኝ ትመጣለች። እኛ ዘንድ የክርስትና ልጅ እንደምን አደሩ ከማለቷ በፊት ቡራኬ ነው የምትጠይቀው።

"ይባርኩኝ፣ የክርስትና አባቴ።"

"እግዚአብሔር ይባርክሽ፣ ልጄ።"

ጁሱን ስቀበላት ያ የመዳብ ሽቦ ትዝ ይለኛል፤ ስጨርሰው ይረሳኛል። ሜዳው በር ላይ ሠልፍ ነው አሉ። ዙኒልዳ የትምህርት ቤቱን ወር በወር ሳታጓድል ትከፍላለች አሉ። አንድ ቀን እሷ ራሷ ጋራዡ ፊት መኪናዋን አቁማ በመስኮት ጠራችኝ።

"አበልጄ፣ ጉድጓድ ውስጥ ስገባ የሆነ የተቃጠለ ፕላስቲክ ነገር ይሸተኛል። እስቲ ብታየው?"

እጄ በሌላ ሰው ሞተር ውስጥ ነበር። ሰዎችም ቆመዋል።

"ፓፓያሽ ነው የበሰበሰው!" አልኳት።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷም ስቃ ሄደች። አፌን በቆረጠው!

ጾም በተያዘ በመጀመሪያው እሁድ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ "እሳት! እሳት!" የሚል ጩኸት ሰማሁ። እግሬ ከእኔ ቀድሞ አወቀ፤ ወደ ዙኒልዳ ቤት ሮጥኩ። ሰማያዊዋ መኪና በሯ ላይ ቆማ ከፊቷ ትነድዳለች። ወንዶቹ ባልዲ ይዘው ይራወጣሉ፣ ቼፎ "ውሃ አይደለም፣ አሸዋ! አሸዋ አምጡ እንጂ እናንተ በጎች!" እያለ ይሳደባል። ሰው አልተጎዳም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እሳቱ ሲጠፋ የመኪናዋ ግንባር ከሰል ሆኗል፤ የኋላ መስታወቷ ግን ከነጽሑፉ ተርፏል።

ዮካስታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ግማሽ ፀጉሯ ተተኩሶ ትከሻዋ ላይ ወርዷል፣ ግማሹ እርጥብና እንደተጠቀለለ ነው። ፀጉር ማድረቂያውን በእጇ ይዛዋለች፣ ገመዱ መሬት ይጎተታል። በማግሥቱ ሰኞ ጠዋት ክሊኒክ ለሥራ ቀጠሮ ነበራት። መብራት ከንጋት ጀምሮ የለም። የእኛ ሴት ልጅ ደግሞ ፀጉሯን ሳትተኮስ ለሥራ ከምትቀርብ ባትቀርብ ትመርጣለች። ስለዚህ የእናቷን መኪና አስነሥታ ማድረቂያውን ኢንቨርተሩ ላይ ሰካችው።

"ሳጥኑ ጮኸና ጠፋ፣ እማዬ!" ትላለች። "በራሱ ጊዜ ጠፍቶ ነበር! ማድረቂያውን ነቅዬ፣ ሞተሩን አጥፍቼ ልወርድ ስል ነው ጭሱ ከፊት የመጣው! በአባዬ ሞት!"

እውነቷን እንደሆነ ወዲያው አወቅሁ። ሳጥኑ ከአቅሙ በላይ ሲሰካበት ይጮኻል፣ ራሱን ያጠፋል፤ ሲሠሩት እንደዚያ አድርገው ነው የሠሩት። ማድረቂያ መኪና አያቃጥልም።

"አሳልፉኝ፣ የእኔ ሥራ ነው" ብዬ ገባሁ። ኮፈኑን በጨርቅ ይዤ አነሳሁና ጎንበስ አልኩ። ማየት ያለብኝን አየሁ። ቀዳዳው ጋ፣ የጎማ ቀለበቱ ሊኖር በሚገባው ቦታ፣ ብረቱ ገመዱን በልቶ በልቶ መዳቡ ቀልጦ ተጣብቋል። ባትሪው አጠገብ ደግሞ የእኔ ጥምዝ ሽቦ ጠቁሮ፣ ግን ሳይበጠስ ቁጭ ብሏል። ፊውዝ ቢሆን ኖሮ በዓይን ጥቅሻ ተቃጥሎ መኪናዋ ትድን ነበር።

ጀርባዬን ለሰው ሰጥቻለሁ። ፒንሳዬን አወጣሁ፣ ማስቀመጫውን ከነሽቦው ቆርጬ ሱሪ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ገና ትኩስ ነበር። ጭኔን አቃጠለኝ፣ ጥርሴን ነክሼ ቻልኩት፤ ዛሬም ምልክቱ አለ።

"አበልጄ፣ ምንድን ነው? ምን ሆኖ ነው?" አለች ዙኒልዳ ከኋላዬ።

ቀና አልኩ። ልናገር ነበር። በልጆቼ እምላለሁ፣ ልናገር ነበር። ቼፎ ግን በዚያ ትልቅ ድምፁ፣ "ራዳሜስ ያሰረው ነገር እንዴት ይቃጠላል?" አለ። ሰፈሩ በሙሉ ፊቴን ያያል። ደንበኞቼ፣ የዶሚኖ ጓደኞቼ፣ ሚስቴ።

"ፀጉር ማድረቂያ ሰክታበት ነዋ!" አልኩ። "መፍጫ ለማዞር የተሠራ ነገር ላይ ፀጉር ማድረቂያ ይሰካል?"

ሃያ ሁለት ዓመት እጇን አንሥታባት የማታውቅ እናት ልጇን ሰው ፊት በጥፊ መታቻት። ዮካስታ እናቷን አላየችም። እኔን ነው ያየችው። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ፤ ምነው ያኔ ተከፍታ በዋጠችኝ።

በማግሥቱ ዙኒልዳ ጋራዥ መጣች። ለምን መጣች መሰላችሁ? ይቅርታ ልትጠይቀኝ!

"ያን የመሰለ ሥራህን አበላሸችብህ" አለችኝ፣ ዓይኗ አብጧል። "ይቅር በላት፣ አበልጄ። የአባቷን መኪና ነው ያቃጠለችው፤ የቀረን እሷ ነበረች። እኔስ ከልቤ የሚወጣልኝ አይመስለኝም።"

"ግዴለም፣ ልጅ ናት" አልኳት። ይቅር አልኩ! ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ እኔ፣ ይቅር አልኩ!

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳስበው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ይግላል። ዮካስታ ወደ ሰኞው ቀጠሮ ሳትሄድ ቀረች። ፀጉሯን በመቀስ ከሥሩ ቆረጠችው፤ ግማሹ የተተኮሰውንም ግማሹን እርጥቡንም። ዙኒልዳ ልጇን ማናገር ተወች። በአንድ ቤት እየኖሩ፣ "ለዚያች ልጅ ምሳ ድስቱ ውስጥ እንዳለ ንገሯት" እያለች በጎረቤት ነበር የምትልክባት። ጁሱ ቆመ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ወሮች ክፍያ ሲቀር ትምህርቱም ቆመ። ዮካስታ ከፋሲካ በፊት ዋና ከተማ ሄዳ፣ አክስቷ ያገኘችላት ቤት፣ በሠራተኝነት ልትገባ ነው ተባለ። ነርስ ልትሆን ሁለት ወር የቀራት ልጅ የሰው ሽንት ቤት ልታጥብ ነው። በእኔ ጥምዝ ሽቦ።

እኔስ? የእኔማ ሥራ ደራ። ቼፎ ሲያወራልኝ፣ "የራዳሜስ እጅ ችግር የለበትም፤ ችግሩ ሴቶችና ፀጉራቸው ነው" እያለ ደንበኛ ያመጣልኛል። እንዲህ ከሚያሞግሰኝ ቢሰድበኝ በስንት ጣዕሙ።

ዮካስታ ግን ጠዋት ጠዋት በጋራዡ በር ማለፏን አልተወችም።

"ይባርኩኝ፣ የክርስትና አባቴ።"

"እግዚአብሔር ይባርክሽ፣ ልጄ" እላለሁ፣ ራሴን ሞተር ውስጥ ቀብሬ።

ድሮ ቡራኬዋን እንደተቀበለች ትሄድ ነበር። አሁን ትንሽ ትቆማለች። ጫማዋን በኮፈኑ ሥር አየዋለሁ። ዝም ብላ ትቆምና ትሄዳለች።

በሕማማት ሳምንት ኔሬይዳ ልብስ ልታጥብ ኪሴን ስትፈትሽ፣ ከሱሪ ሱሪ እያዛወርኩ የያዝኩትን ያንን ነገር አገኘችው። ምሳ ላይ አምጥታ ሳህኔ አጠገብ አስቀመጠችው።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"የድሮ ዕቃ።"

አንሥታ አሸተተችው። "የድሮ? ጭስ ጭስ ይላል እኮ። ሠላሳ ዓመት የኤሌክትሪሺያን ሚስት ሆኜ ፊውዝና ሽቦ የማልለይ መሰለህ?"

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። እሷ ወስዳ የእመቤታችን ሥዕል ያለበት መደርደሪያ ላይ፣ ከሥዕሉ እግር ሥር አደረገችው።

"እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ" አለች። "እኔ አልናገርብህም። ግን የሊሳንድሮ ልጅ ቅዳሜ ትሄዳለች፣ ራዳሜስ። ከዚያ በኋላ ቢጠራ ለማን ነው?"

ስቅለት ደረሰ። እኛ አገር በስቅለት ሚስማር አይመታም፣ ቁልፍ አይፈታም፣ ቤትም አይጠረግም። ጋራዡ ዝግ ነው፤ ራሴን የምቀብርበት ሞተር አጣሁ። በዚያ ቀን የሚሠራው አንድ ነገር የቦሎቄ ጣፋጭ ነው፤ ቀይ ቦሎቄ በወተትና በኮኮናት ተፈጭቶ፣ ስኳር ድንች ገብቶበት፣ ከላይ ትንንሽ ብስኩት ተደርጎበት። ሁሉም ይሠራል፣ ሁሉም ለአበልጁ ይልካል። የተጣላ እንኳ ይልካል።

ስድስት ሰዓት ላይ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ሳለ ዮካስታ ጎድጓዳ ሳህን በጨርቅ ሸፍና መጣች። ነጭ ቀሚስ ለብሳለች፣ ፀጉሯ እንደ ወንድ ልጅ ነው። ሳህኑን ወንበሩ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ተንበረከከች፤ በስቅለት የክርስትና ልጅ ቡራኬ የምትጠይቀው ተንበርክካ ነው፤ የድሮ ወግ ነው፣ እናቷ ናት ያስተማረቻት።

"ይባርኩኝ፣ የክርስትና አባቴ። ነገ ነው የምሄደው።"

አፌን ከፈትኩ። ቃሉ ሁለት ብቻ ነው፣ ሕፃን ያውቀዋል። አልወጣም አለኝ። ቁልቁል ሳያት የተቆረጠው ፀጉሯ መሐል የራስ ቅሏ ይታያል፤ ስትጠመቅ በእጄ የደገፍኩት ራስ ነው። እንባዬ መጣ። ስድሳ ዓመት የሞላው ሰው በረንዳ ላይ አለቀሰ፤ ይበለኝ።

"ተነሽ" አልኳት። "እናትሽ ቤት እንሂድ።"

ከሥዕሉ ሥር ያንን ነገር አነሳሁ። የሥራ መኪናዬን፣ የፒክአፔን፣ ቁልፍ ከምስማሩ አወረድኩ። ኔሬይዳ ነጠላ ጫማዋን አድርጋ ከኋላችን ተከተለች።

ዙኒልዳ ግቢ ትልቁ ድስት እሳት ላይ ነው። ሦስት አራት ሴቶች ያማስላሉ፣ ቼፎ ሳህኑን ይልሳል።

"እሰይ፣ አበልጄ መጣህ!" አለች ዙኒልዳ። ልጇን አላየቻትም።

ጥቁሩን ሽቦ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ቁልፉን አጠገቡ።

"መኪናሽን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ" አልኩ። "በፊውዝ ቦታ ይህን ሽቦ ነው ያሰርኩልሽ። ፊውዙ ነበረኝ፤ በነፃ ነው ብዬ ሰሰትኩብሽ። ጎማውንም አልገጠምኩም። እሳቱን ካጠፋችሁ በኋላ ሽቦውን ቆርጬ ኪሴ ከተትኩ፣ ልጅሽ ላይም አላከክሁ። ዮካስታ የነገረችሽ ሁሉ እውነት ነበር። ፒክአፑን ውሰጂ፣ የአንቺ ነው።"

ቼፎ ሳህኑን መላስ ተወ። ዙኒልዳ እኔን አላየችኝም፤ ዞራ ልጇን አየች።

"ሳጥኑ ጠፍቶ ነበር ብለሽኝ ነበር።"

"ብዬሽ ነበር፣ እማዬ።"

"መታሁሽ።"

"አዎ።"

ማማሰያው ከእጇ ወደቀ። ሁለት እጇን ልጇ ራስ ላይ አድርጋ ያንን አጭር ፀጉር ትዳስሰው ጀመር፣ እንደ ዓይነ ስውር።

"አንቺስ ልጄ፣" አለ ቼፎ ቀስ ብሎ፣ "ሽቦውን ሲወስድ አላየሽም?"

"አይቼዋለሁ" አለች ዮካስታ። "ኪሱ ሲከተው አይቼዋለሁ።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?"

"የክርስትና አባቴ አይደሉም? እሳቸው ይናገራሉ ብዬ ጠበቅሁ። ጠዋት ጠዋት በጋራዡ በር የማልፈው ለዚያ ነበር። ዛሬ ይናገራሉ፣ ዛሬ ይናገራሉ እያልኩ።"

ያን ጊዜ የተሰማኝን አልናገረውም። አዎ፣ አውቄ ነበር መሰለኝ፤ ጫማዋ ኮፈኑ ሥር ሲቆም አውቄ ነበር። በየጠዋቱ እድል ስትሰጠኝ፣ በየጠዋቱ በእግዚአብሔር ስም ሸኘኋት።

ዙኒልዳ ዓይኗን ጠርጋ ወደ እኔ ዞረች።

"መኪና ብረት ነው" አለች። "አርባ ቀን ሙሉ ልጄን አንቺ ብዬ አልጠራኋትም። እሱን በምን ትጠግንልኛለህ?"

ቁልፉን ከጠረጴዛው አንሥታ መቀነቷ ውስጥ ከተተች፤ ዙኒልዳ ሞኝ አይደለችም፣ የምታስተምራት ልጅ አለቻት። ከዚያ፣

"ስንት ነው?" አለችኝ።

"ምኑ?"

"ኢንቨርተሩን የገጠምክበት። ሌላ ሰው ቢሆን ስንት ታስከፍለው ነበር?"

"ዙኒልዳ፣ በሞቴ… አበልጄ…"

"ስንት ነው?"

ሴቶቹ ማማሰላቸውን አቆሙ። ቼፎ ሳህኑን መሬት አስቀመጠ። ምን እያደረገች እንደሆነ ሁሉም ገብቷቸዋል። እኔም ገብቶኛል።

"ሁለት ሺህ ፔሶ" አልኩ።

ገብታ ይዛ መጣች። እጄን ይዛ ዘረጋችው፣ መዳፌ ላይ አስቀመጠችው፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፈቻቸው።

"በቃ፣ ሒሳባችን ተዘግቷል፣ አቶ ራዳሜስ" አለች። "ቦሎቄው ሳይቀዘቅዝ ቤትዎ ይሂዱ።"

ዮካስታ ዋና ከተማ አልሄደችም። ክሊኒኩ ሌላ ቀጠሮ ሰጣት፣ ትምህርቷንም ጨረሰች፤ አሁን እዚያው ትሠራለች። ፒክአፔ፣ ማለቴ የዙኒልዳ ፒክአፕ፣ ሜዳው በር ላይ ቆማ ጁስ ይሸጥባታል። ኢንቨርተሩን ያሰረላት ከላይ ሰፈር ያለ ሌላ ኤሌክትሪሺያን ነው፤ አስከፍሏታል። አንድ ቀን ኮፈኑ ተከፍቶ ሳልፍ አየሁት። ፊውዙ በቦታው፣ ከባትሪው በስንዝር ርቀት። ቀዳዳው ዙሪያ አዲስ ጎማ። ጥሩ ሥራ ነው፣ እንከን አላገኘሁበትም። የኋላ መስታወቱም ላይ በቢጫ ቀለም ተጽፏል፦ "የዮካስታ ጁስ — እግዚአብሔር ይመስገን"። እዚያ ላይ ያበቃል።

ሁለቱ ሺህ ፔሶ ከሥዕሉ ሥር ነው፤ ኔሬይዳም አልነካችው፣ እኔም አልነካሁት። ዶሚኖ አሁንም እጫወታለሁ፤ ቼፎ ግን አያሾፍብኝም፣ ይህም ራሱን የቻለ ቅጣት ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ፊውዝ በሽቦ ተክቼ አላውቅም፤ "ለዛሬ ብቻ" የሚለኝን ደንበኛ መኪናህን ይዘህ ውጣ እለዋለሁ።

ዮካስታ ነጭ የነርስ ልብሷን ለብሳ ጠዋት በጋራዡ ፊት ታልፋለች፤ ሌላ መንገድ የለም። ፀጉሯ አድጎ አንገቷ ጋ ደርሷል። ሰላምታ አትከለክለኝም፤ በደንብ ያደገች ልጅ ናት።

"እንደምን አደሩ፣ አቶ ራዳሜስ" ትለኛለች፣ ሳትቆም።

"እንደምን አደርሽ" እላታለሁ። ማዕዘኑን እስክትዞር እጠብቅና "እግዚአብሔር ይባርክሽ፣ ልጄ" እላለሁ። የጠየቀኝ የለም፤ ግን በየቀኑ እላለሁ።